ካርል ራይነር፣ የቀልድ ደራሲ

ቀልድ ሰምታችሁ ከልብ የሣቃችሁበትን ጊዜ እስቲ አስታውሱ። ሣቁ ከጥቂት ሴኮንዶች አላለፈም። ያንኑ ሣቅ ለማያውቋቸው ሚሊዮን ተመልካቾች በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት፣ ያውም ለዓመታት ማቅረብ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህን ሙያ በጸሐፊነት፣ በፕሮዲዩሰርነትና በዳይሬክተርነት ከሠሩት አሜሪካውያን አንዱ ካርል ራይነር ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ራይነር በ1922 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል ከአንድ ሰዓት ሠሪ ተወለደ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የልብስ ስፌት መኪና በመጠገን ሥራ ላይ ሳለ፣ በነጻ የሚሰጥ የተውኔት ትምህርት መኖሩን ታላቅ ወንድሙ ነገረው። ከዚያ በኋላ ወደ መኪናው አልተመለሰም ማለት ይቻላል።

በ1950 «ዩር ሾው ኦፍ ሾውስ» በተባለው የቴሌቪዥን ትርኢት በተዋናይነት ተቀጠረ። ትርኢቱ ዘወትር ቅዳሜ ምሽት ለዘጠና ደቂቃ በቀጥታ ይተላለፍ ስለ ነበር፣ የተሳሳተውን ቆርጦ መጣል፣ የተረሳውን እንደገና መቅረጽ አይቻልም ነበር። ራይነር የተቀጠረው ለመተወን ቢሆንም ማንም ሳያስገድደው ከጸሐፊዎቹ ክፍል ገብቶ ይቀመጥ ጀመር። ቀልድ የመጻፍን ሥራ የተማረውም በዚያ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በ1957 ሲሠራበት የነበረው ሌላ ትርኢት ሲያበቃ፣ በመሪ ተዋናይነት እንዲጫወት የተለያዩ ድርሰቶች ቀረቡለት። አንዱም አላረካውም። ባለቤቱም ድርሰቶቹን ካየች በኋላ፣ ከእነዚህ የተሻለ አንተው ራስህ ልትጽፍ ትችላለህ አለችው። ራይነርም ሌላ ሰው ያልቆመበት፣ እኔ ብቻ የቆምኩበት መሬት የትኛው ነው ብሎ ራሱን ጠየቀ። ይህን ጥያቄ እናንተም ድርሰት ለመጻፍ ወረቀት ስታነሡ ብትጠይቁት አይከፋም። የእርሱ መልስ ቀላል ነበር። ኒው ሮሼል በምትባለው ከተማ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ ወደ ኒውዮርክ እየተመላለሰም ለቴሌቪዥን ቀልድ በሚፈጠርበት ክፍል ይውላል። ስለዚህ ሮብ ፔትሪ የተባለ የቀልድ ጸሐፊ ፈጠረ። ቤቱንም ኒው ሮሼል፣ መሥሪያ ቤቱንም ኒውዮርክ አደረገለት። በ1958 የበጋ ወራትም አሥራ ሦስት ክፍል ጽፎ ጨረሰ። አንድ ክፍል ብቻ ቢጽፍ ኖሮ ያለው አንድ ሐሳብ ይሆን ነበር፤ አሥራ ሦስቱ ግን ኋላ የሚመጡ ጸሐፊዎች ገጸ ባሕርያቱን አውቀው እንዲቀጥሉ መሠረት ሆኑ።

ለሙከራ በተቀረጸው የመጀመሪያ ክፍል ሮብን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ራይነር ነበር። ነገር ግን ገዥ አልተገኘም። ሼልደን ሌናርድ የተባለ ፕሮዲዩሰር ድርሰቱን አንብቦ ጉድለቱ ከጽሑፉ ሳይሆን ከተዋናዩ ምርጫ መሆኑን ነገረው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው የገዛ ኑሮውን ጽፎ፣ ያንን ኑሮ ለመጫወት የምትሆነው አንተ አይደለህም ሲባል ምን ይሰማዋል? ራይነር ፍርዱን ተቀበለ። ቦታውን ለዲክ ቫን ዳይክ ለቀቀ፤ ሚስቱንም ሜሪ ታይለር ሙር ሆና ተጫወተች። «ዘ ዲክ ቫን ዳይክ ሾው» በጥቅምት 1961 ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ተርፎ፣ በ1966 በ158ኛው ክፍል ተፈጸመ። የተፈጸመውም ተመልካች አጥቶ አይደለም፤ ሳይደበዝዝ እናቁመው በሚል የአዘጋጆቹ ውሳኔ ነው።

በዚህ ሥራ ራይነር ፕሮዲዩሰርም ነበር። ፕሮዲዩሰር ማለት ጸሐፊዎችን የሚመርጥ፣ ገንዘቡንና ጊዜውን የሚቆጣጠር፣ ያለቀው ሥራ ለእይታ መብቃቱን የሚወስን ሰው ነው። ጸሐፊዎቹን በየቤታችሁ ምን ገጠማችሁ እያለ ይጠይቅ ነበር። ዘመን የወለዳቸውን የአነጋገር ፈሊጦችም ከጽሑፉ ያስወጣ ነበር፤ የዛሬ ፋሽን የሆነ ቃል ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሰሚው እንግዳ ይሆናልና። ተከታታዩ ዛሬም ሲታይ የሚገባው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ለራሱም የቀረችው ሚና አለን ብሬዲ ነበር፤ የሮብ ቁጡ አለቃ። መጀመሪያ ላይ ተመልካቹ የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነበር። በ1965 በቀረበ አንድ ክፍል የሮብ ሚስት አለን ራሰ በራ መሆኑን በቴሌቪዥን ፊት አምልጧት ትናገራለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትገባ አለን ሰው ሠራሽ ፀጉሮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ እንደ ሰው ሲያነጋግራቸው ታገኘዋለች። ልብ በሉ፤ ሣቁ የሚመጣው ከራሰ በራነቱ ሳይሆን፣ ሴትዮዋ ቁጣውን እየጠበቀች በምትቆምበት ጭንቀት ነው።

በሲኒማም «ኦ ጎድ» (1977) እና «ዘ ጀርክ» (1979) የተባሉትን ዳይሬክት አድርጓል። ለእኔ ግን አስደናቂው በ1982 የወጣው «ዴድ ሜን ዶንት ዌር ፕላይድ» ነው። ራይነር ከ1940ዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ቁርጥራጮች ወስዶ ከአዲሱ ቀረጻ ጋር አገጣጠማቸው። ስቲቭ ማርቲን ስልክ ሲደውል፣ በ1957 የሞተው ሀምፍሪ ቦጋርት ይመልስለታል። ይህ እንዲሆን ብርሃኑ፣ ልብሱና የንግግሩ ቃላት ሁሉ ከአሮጌው ፊልም ጋር መግጠም ነበረባቸው። ፌዝ ሊመስል የሚችለው ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከዚህ ተረዱ።

የረጅም ዘመን ባልንጀራው ሜል ብሩክስ ነበር። ሁለቱ ስለ ሁለት ሺህ ዓመት ሽማግሌ የሚያቀርቡትን ጨዋታ በወዳጆች ግብዣ ላይ ጀምረው በ1960 በሸክላ አስቀረጹት። ብሩክስ ሽማግሌው ሆኖ ሲመልስ፣ ራይነር ኮስተር ብሎ ይጠይቅ ነበር። በእርጅናቸው፣ ሚስቶቻቸው ከሞቱ በኋላ፣ ማታ ማታ በራይነር ቤት አብረው እራት እየበሉ ቴሌቪዥን ያዩ ነበር። ራይነር በሰኔ 2020 በ98 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ይህ ልማዳቸው ቀጥሏል።