የፊት ጎማው ሥራ ሲፈታ

ለክረምት ዕረፍት ወደ ታች ጋይንት የወረድን ሦስት ተማሪዎች፣ አርብ ገበያ ላይ አንድ የቆየ ላንድሮቨር ዲፌንደር ቆሞ አገኘን። መኪናው የአንዳችን አጎት ነው። የፊቱ ካርዳን መገጣጠሚያ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ሲጠበቅ ከርሟል። አጎታችንም፣ «ተምረናል ትሉ የለ? በሉ በኋላ ጎማ ብቻ አስኪዱልኝ» አሉን።

ይቻላል ወይ ለሚል አንባቢ፣ ይቻላል እንላለን። ነገር ግን በቅድሚያ መኪናን ከመኪና መለየት ያስፈልጋል። በድሮው ዊሊስ ጂፕና በብዙው ላንድክሩዘር የፊት ጎማ ኃይል የሚያገኘው ሾፌሩ ሲያዝ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ የሚለወጥ ነገር የለም። እንደ ራቭ ፎር ያሉት ደግሞ ሞተራቸው በአግድም የተቀመጠ ነውና፣ ቢለወጡም የሚቀርላቸው የፊት ጎማ ነው። ዲፌንደር ግን በ1970 እ.ኤ.አ. በሬንጅሮቨር የታየውን አሠራር ወርሶ አራቱንም ጎማ ዘወትር ያሽከረክራል።

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ይህንን ልዩነት የሚያስታርቀው በመካከል የተቀመጠው ዲፈረንሻል ነው። ጠባዩ ቃሬዛ እንደ ተሸከሙ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ከለቀቀ ሌላው ብቻውን አይሸከምም። ስለዚህ የፊቱን ካርዳን ፈትተን ማርሽ ስናስገባ ሞተሩ ጮኸ፣ ባዶው ጫፍ ተሽከረከረ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። የተሰበሰበው ሰው ሳቀብን። መድኃኒቱ ከማርሹ አጠገብ ያለችውን አጭር ማንሻ ወደ ግራ ገፍቶ የመካከሉን ዲፈረንሻል መቆለፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ሄደ።

የመፍታቱ ሥራ ራሱ ቀላል ነው፤ ካርዳኑ የታሰረው በየጫፉ በአራት አራት ብሎን ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። የዲፌንደር የእጅ ፍሬን ጎማ አይዝም፤ የሚይዘው ኃይል ከሚያካፍለው ሳጥን ወደ ኋላ የሚወጣውን ዘንግ ነው። ተሳስቶ የኋላውን ካርዳን የፈታ ሰው የእጅ ፍሬኑንም አብሮ ፈታ ማለት ነው። አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ቢነሣም፣ ፍሬኑ እንደ ተሳበ መኪናው ሊንከባለል ይችላል። በዳገት አገር አራቱንም ጎማ በድንጋይ ሳያስደግፉ ከመኪና ሥር መግባት ድፍረት ሳይሆን ጅልነት ነው።

ናፍጣ ይቆጥባል የሚባለውም ብዙ አያስመካም። የፊት ጎማዎቹ በመሬቱ እየተንከባለሉ የፊቱን ዲፈረንሻል ከነዘንጎቹ ይዘውት ይዞራሉና፣ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በአንጻሩ ቀድሞ ለሁለት ይካፈል የነበረው የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በኋላ ዘንጎች ላይ ይወድቃል፤ ጭነት ሲበዛ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን ቁልቁለቱ ነው። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ስማቸው ራሱ ይናገራል። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲጎተት ወራት የፈጀው እንዲህ ባለው አገር ነው። ዳገት ሲወጣ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያርፍ፣ የእኛ መኪና ከተፈራው በላይ በደኅና ወጣች። ቁልቁል ሲኬድ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በማርሽ የሚያዘው የኋላ ጎማ ብቻ ሆኖ ቀለል ብሎ ይቀራል። በእርጥብ ዋልካ ላይ ያ የቀለለ ጎማ ይንሸራተትና የመኪናው ጅራት ወደ ገደሉ ይዞራል። የእግር ፍሬን አራቱንም ጎማ ይይዛል፤ ይሁን እንጂ በጭቃ ላይ ፍሬን የረገጠ ሁሉ መዘዙን ያውቀዋል።

ለአጎታችን ይህን ሁሉ አስረዳናቸው። እሳቸው ግን መኪናዋ መሄዷን አይተዋል፤ መለዋወጫውን መግዛት ከንቱ ወጪ መስሎ ታያቸው። ካርዳኑን ከነብሎኖቹ በጆንያ ጠቅልለን ከወንበሩ ሥር አስቀመጥንላቸው። ዝናብ በጣለበት አርብ ገበያተኛ እንዳይጭኑም ለመንናቸው።

«እናያለን» አሉን።