ዕድሜው ከፍ ያለ የጉዲፈቻ ልጅ ቤት ሲለምድ

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም የቤተሰብ ሕጓን አሻሽላ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክላለች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ከተቀባዮቹ መካከል ወላጅ ያጣን ልጅ ማሳደግ የእምነታችን ግዴታ ነው ያሉ ክርስቲያን ቤተሰቦች በርካታ ነበሩ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ነፍስ ያወቁ፣ በአገራቸው ቋንቋ አፍ የፈቱ፣ የእናታቸውን መልክ የሚያስታውሱ ነበሩ። እነዚያ ቤተሰቦች ያለፉበት መንገድ ዛሬ በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ልጅ ለሚቀበሉም፣ በውጭ ሆነው የዘመድ ልጅ ለሚያሳድጉም ትምህርት ይሆናል።

ከጸጥታው በኋላ

ልጁ እንደመጣ ለጥቂት ሳምንታት ታዛዥና ጨዋ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ቤቱን ለምዷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ አዲሱን ቤት እያጠና ይሆናል። ሲረጋጋ የያዘው ሐዘንና ፍርሃት ይወጣል። ያኩርፋል፣ ይቆጣል፣ ሌሊት ይባንናል፣ አልጋ ላይ ይሸናል፤ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ እንደ አራት ዓመት ሕፃን ልታዘል ሊል ይችላል። ዳቦ ከትራስ ሥር ቢያገኙ አይደንግጡ። የተራበ ልጅ ነገም ምግብ እንደሚኖር የሚያምነው በንግግር ሳይሆን ደጋግሞ ሲያይ ነው። በእጁ የሚደርስ ቦታ ፍራፍሬና ቆሎ ያስቀምጡለት፤ የምግብና የመኝታ ሰዓቱም አይዘበራረቅ።

ምግብ መከልከል ወይም ልጁን ከቤተሰቡ መነጠል ፈጽሞ ቅጣት ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የተወሰደች ታዳጊ በምግብ እጥረት ተጎድታ፣ በብርድ ደጅ ላይ ሕይወቷ አልፏል። አሳዳጊዎቿም በ2013 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። ልጁ ሲያጠፋ ከአጠገብዎ አያርቁት። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው አብረውት ይቀመጡ፤ ምክሩ ቁጣው ከበረደ በኋላ ይደርሳል።

ምርመራው አይዘግይ

ልጁን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት። የደም ማነስ፣ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጉበት ቫይረስና የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ያስፈልገዋል። የክትባት ካርዱ ይታይ፤ ጥርሱ፣ ዓይኑና ጆሮው ይመርመሩ። በመጀመሪያው ምርመራ ያልታየ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል አንዳንዶቹ ምርመራዎች ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማሉ። ጥሩ ምግብ ማግኘት ሲጀምር ዕድገቱ ይፋጠናል። ባሕር ተሻግረው በጉዲፈቻ ባደጉ ሴት ልጆች ላይ የጉርምስና ምልክት ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችልም ስለሚታወቅ፣ ቁመትና ክብደትን መከታተል ይበጃል።

ውለታ አይቁጠሩበት

በእኛ ባህል ውለታ ትልቅ ቦታ አለው። ልጁ ግን አገር፣ ቋንቋ፣ አንዳንዴም በሕይወት ያለ ወላጅ ትቶ የመጣ ነው። እግዚአብሔር ለእኛ ሰጠን ብለው በደስታ የሚያመሰግኑበት ቀን፣ ለእሱ የሐዘን መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። ከመንገድ አንስተን አሳደግንህ ዓይነት ንግግር፣ በቀልድም ቢሆን፣ ያቆስላል። ስሙን አይቀይሩበት፤ ስለ ወላጆቹ ሲያወራ ይስሙት። ባሕር ማዶ ካሉ ደግሞ ቋንቋውን የሚያናግረው ሰው ይፈልጉለት። አንድ ልጅ የማይሰማውንና የማይናገርበትን ቋንቋ በወራት ውስጥ ሊረሳ ይችላል።

የቤተ ክርስቲያን ወዳጆችዎም ድርሻ አላቸው። ልጁን በመጀመሪያው እሑድ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሲስመው፣ ወላጁ የትኛው እንደሆነ ይምታታበታል። ለጥቂት ወራት የሚያጎርሱት፣ የሚያቅፉትና የሚያስተኙት እናትና አባት ብቻ ይሁኑ። ወዳጆችዎ መርዳት ከፈለጉ እንደ አራስ ጥሪ ምግብ ሠርተው ያምጡ፣ ልብስ ይጠቡ። ስለ ልጁ ያለፈ ሕይወት በምስክርነት መልክ በአደባባይ አይናገሩ፤ ታሪኩ የእሱ ነው።

የቤቱን ልጆችና ራስዎን አይርሱ

የወለዷቸው ልጆች ቦታቸውን የተቀሙ ሊመስላቸው ይችላል። ለእያንዳንዳቸው በቀን ጥቂት ደቂቃ ለብቻ ይስጧቸው። አሳዳጊ ወላጆችም በመጀመሪያው ዓመት በድብርት ሊያዙ ይችላሉ። ልጁን ልወደው አልቻልኩም የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ከሆነ የእምነት ጉድለት አድርገው አይዩት። ጸሎት ያበረታል፤ ነገር ግን የሐኪምን ቦታ አይተካም። እንቅልፍ ካጡ፣ ተስፋ ከቆረጡ ወይም እጅዎ ልጁ ላይ እንዳያርፍ ከሰጉ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ልጁ ራሱን ወይም ሌላን ከጎዳ፣ መብላት ካቆመ ወይም ፍርሃቱ በወራት ካልቀነሰም እንዲሁ።

መላመድ በሳምንታት አያልቅም፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ልጁ ሲያመው ወደ እርስዎ ከሮጠ፣ አጥፍቶ ከቤት ካልሸሸ፣ ከትራሱ ሥር ያለው ዳቦ እየቀነሰ ከሄደ፣ ቤቱ ቤቱ መሆን ጀምሯል ማለት ነው።