ቤቱ እስኪወጣ…

ታላቅ ወንድሜ በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዘገበ። ባለ አንድ መኝታ፣ በወር 274 ብር። እጮኛውን «ቤቱ ይውጣና እንጋባለን» አላት። ዕጣ ወጣ፤ ስሙ የለም። ሌላም ወጣ፤ ያው ነው። ልጅቷ አምስት ዓመት ጠብቃ ሌላ አገባች። ዛሬ በኪራይ ቤት ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ወንድሜ የቁጠባ ደብተሩን ይዞ እስካሁን አለ።

ምን ልበላችሁ? እኔም ከሱ አልተማርኩም። «ቋሚ ሥራ ልያዝ እንጂ!» እያልኩ ፍቅረኛዬን ሻይ እንኳ ሳልጋብዛት ስንት ቅዳሜ አለፈ!

አትቆጥቡ አላልኩም፤ ቆጥቡ። ግን ነገን ማን አይቶታል? ዕድሜ እንደሆነ ዕጣ እስኪወጣ ቆሞ አይጠብቅም። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ማኪያቶ አዘዝኩ። ጨዋታውን ግን አልነግራችሁም!