የትናንት ዋጋ፣ የዛሬ ስልት፦ የገበያ ዋጋ መረጃን አውርዶ የንግድ ስልትን ስለ መፈተን



ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል የጅማ፣ በቡራዩ በኩል የአምቦና የወለጋ፣ በሱሉልታ በኩል ደግሞ የጎጃም መንገድ ይወጣል። የምዕራቡ ቡናና የጎጃም ጤፍ ወደ መዲናዋ የሚገቡት በእነዚህ በሮች ነው። በሱሉልታ የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ «ጤፍን በጥር ገዝቶ በነሐሴ መሸጥ ያተርፋል» ቢል፣ አባባሉ ልማድ ብቻ ይሁን ወይም እውነት በምን እናውቃለን? ያለፉትን ዓመታት ዋጋ ወስደን ስልቱ በየዓመቱ ቢተገበር ኖሮ ምን ያስገኝ እንደ ነበር እናሰላለን። ባለሙያዎች ባክቴስቲንግ የሚሉት ይህንኑ ነው።

መረጃው ከቀድሞው ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የኢትዮጵያን የምግብ ዋጋ በየገበያውና በየወሩ ለይቶ በነፃ በሚወርድ የሲኤስቪ ፋይል ያቀርባል። የዓለም ባንክ ደግሞ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቡናንና የሌሎች ሸቀጦችን ወርኃዊ ዓለም አቀፍ ዋጋ ያወጣል። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የራሱ ዋጋዎች አሉት። ፋይሉን ማውረድ የደቂቃ ሥራ ነው፤ አድካሚው ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለእያንዳንዱ የዋጋ አኃዝ ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባልና።

የመጀመሪያው፣ ይህ ዋጋ መቼ ታወቀ? የሚል ነው። በዓለም ምግብ ፕሮግራም ፋይል ውስጥ የእያንዳንዱ ወር ዋጋ በወሩ 15ኛ ቀን ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ የመዝገብ ሥርዓት እንጂ ዋጋው የታወቀበት ቀን አይደለም፤ የወሩ አማካይ የሚታወቀው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በ15ኛው ቀን «ገዛሁ» የሚል ሙከራ ገና ያልታወቀን ዋጋ አስቀድሞ ያየ ይሆናል። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት አለ። አንድ የጎርጎርዮስ ወር ቢያንስ በሁለት የኢትዮጵያ ወሮች ላይ ያርፋል፤ ጳጉሜንም ለብቻዋ ወር ናት። የእኛን «ጥር» ከጃንዋሪ ጋር ያለ ማስተካከያ ያጋጠመ ሰው ውጤቱን ያዛባል።

ሁለተኛው፣ በምን መስፈሪያና በምን ገንዘብ ተለካ? የሚለው ነው። ምርት ገበያው ቡናን በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ግራም፣ በብር ይተምናል፤ የኒው ዮርክ ገበያ ግን በፓውንድ በአሜሪካ ሳንቲም ይተምናል። አንድ ፈረሱላ 37.48 ፓውንድ ያህል ነው። ለምሳሌ የኒው ዮርክ ዋጋ በፓውንድ 200 ሳንቲም ላይ ጸንቶ ቢቆይ፣ አንድ ፈረሱላ 75 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ በአንድ ዶላር 57 ብር ሲመነዘር 4,273 ብር፣ በ110 ብር ሲመነዘር ግን 8,246 ብር ነው። የቡናው ዓለም አቀፍ ዋጋ ሳይነቃነቅ በብር የተጻፈው መዝገብ 93 በመቶ ጭማሪ ያሳያል ማለት ነው። ይህ ከገሃዱ የራቀ ምሳሌ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ዓመት «አተረፈ» የተባለ ስልት ሁሉ ትርፉ ከስልቱ ይሁን ከብር መርከስ ተለይቶ መታየት አለበት።

ሦስተኛው፣ በዚህ ዋጋ በእርግጥ መገበያየት ይቻል ነበርን? የሚል ነው። ዋጋው የጅምላ ነው ወይስ የችርቻሮ? የመጋዘን ኪራይ፣ የማጓጓዣ፣ የጆንያ፣ የደላላ ክፍያና የብድር ወለድ ተቀንሰዋልን? ከጥር እስከ ነሐሴ በጤፍ የታሰረ ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ የሚያስገኘው ወለድስ? እነዚህ ሲቀነሱ በወረቀት ያማረ ትርፍ ሊጠፋ ይችላል።

የአንድ ዋጋ ስም ሳይለወጥ ትርጉሙ ሊለወጥም ይችላል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ቡና ከምርት ገበያው ውጭ ወደ ላኪዎች የሚደርስባቸውን መንገዶች አስፍቷል። ስለዚህ ከአዋጁ በፊትና በኋላ ያለው የምርት ገበያ ዋጋ አንድ ዓይነት ገበያን አይወክልም። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሁለት ፋይሎችን በከተማ ስም የሚያገናኝ ተመራማሪ የስም ለውጡን ካልመዘገበ፣ አንድ ገበያ የተቋረጠ ወይም አዲስ የተፈጠረ ሊመስለው ይችላል።

በመጨረሻም ከራሳችን ፈተናውን እናስጠንቅ። መግዣውንና መሸጫውን ወር በመለዋወጥ ብቻ ከ12 የጎርጎርዮስ ወሮች 132 ጥንዶች ይገኛሉ። ሁሉንም ሞክሮ ምርጡን ብቻ የሚያቀርብ ሰው ያገኘው ዕድልን እንጂ ዕውቀትን ላይሆን ይችላል። መፍትሔው መረጃውን ከሁለት ከፍሎ፣ በቀደሙት ዓመታት ስልቱን መምረጥ፣ ባልተነኩት የኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ መፈተን ነው። የተሞከሩት ስልቶች ብዛትም ከውጤቱ ጋር ሊገለጥ ይገባል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የአክሲዮኖቹ የዋጋ ታሪክ ግን ገና አጭር ነው። በእንዲህ ያለ አጭር መዝገብ «ተፈትኖ ተረጋግጧል» የሚል ስልት ይዞ የሰውን ቁጠባ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ማቅረብ የምሁር ግዴታ ነው። ያለፈ ዋጋ ብዙ ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን እንዴት እንደ ተጻፈ ለጠየቀው ነው።