መጽሐፍ የጠፋበት አገርና የዝዋዩ ትምህርት ቤት

ካፋ ሲባል ለብዙ ሰው አስቀድሞ የሚታሰበው ቡና ነው። በእርግጥም በቦንጋ ዙሪያ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን የዱር ቡና የሚበቅልበት ስለ ሆነ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቦ እንዲጠበቅ ተደርጓል። ነገር ግን በዚያ አገር ከቡናው ባልተናነሰ ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የቀደመው ክርስትና ነው። ክቡራን አንባቢያን ልጆቻቸውን ፊደል ለማስቆጠር የሚደክሙበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ከካፋ ታሪክ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አላገኘሁም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ዓፄ ሠርፀ ድንግል ከጎጀብ ወንዝ በስተሰሜን ወዳለችው ወደ እናርያ ወርደው በ1580 ዓ.ም. ገዥዋን በዳንቾን ከነሕዝቡ እንዳስጠመቁ በታሪክ ተጽፏል። ክርስትና ወደ ካፋም የገባው በዚያው ዘመን እንደ ሆነ በአገሩ ትውፊት ይነገራል። ከዚያ በኋላ የመጣው የሕዝብ ፍልሰትና ጦርነት መንገዱን ዘጋው። ከእናርያም የሸሹ ክርስቲያኖች ጎጀብን ተሻግረው በካፋ ተጠጉ። ካፋ በጥልቅ ጉድጓድና በኬላ የታጠረች፥ ታቶ የሚባል ንጉሥ የሚገዛት አገር ስለ ነበረች ለተሰደደው መሸሸጊያ ሆነችው። ሆኖም ያው አጥር ከጳጳሱም ከመምህሩም ለየው። ዲያቆን የሚሾምለት አልነበረም፤ ያረጀውን መጽሐፍ የሚገለብጥለት ጸሐፊም አልነበረም።

በ1852 ዓ.ም. ወደ ካፋ የደረሰው ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ተቀምጦ ያየውን ጽፎልናል፤ የሕይወቱ ማስታወሻ 12 ጥራዝ ነው። ሰውየው የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ ነበረ በእምነት የምንለያይበት ነገር አለ፤ ምስክርነቱን ግን ስለዚህ ልንጥለው አይገባም። በካፋ ያገኛቸው ሰዎች የክርስቲያን ወገን ነን የሚሉ፥ በዓልና ጾም የሚጠብቁ ነበሩ፤ ትምህርቱን ግን የሚያስረዳቸው አልነበረም። እምነቱ ከአገሩ የኤቆ አምልኮ ጋር እየተቀላቀለ ሄዶ ነበር። እስከ ዛሬ በመስከረም ወር በቦንጋ የሚከበረው ማሽቃሬ ባሮ የተባለው በዓል ስሙ ከመስቀል ጋር መቀራረቡን ስሰማ፥ ከዚያ ዘመን የተረፈ ድምፅ ይመስለኛል።

እንግዲህ አስተውሉ፤ እነዚህ ሰዎች እምነታቸውን አልካዱም። ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ በዓል መጠበቅ ቀላል ጽናት አይደለም። ያጡት ፍቅር ሳይሆን ጉባኤ ነው። አባት ለልጁ ጾሙን ያወርሰዋል፤ የጾሙን ምክንያት ግን ማውረስ የሚችለው እርሱ ራሱ ተምሮት እንደ ሆነ ነው። ልጁ ደግሞ ለልጁ የሚያወርሰው ልማዱን ብቻ ይሆናል።

በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ጎጀብን ተሻግሮ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው ከአገራቸው ተወሰዱ። ከጦሩ ጋር ታቦትና ካህናት መጡ፤ ከካህናቱም ጋር የቄስ ትምህርት ቤት። ይህን ታሪክ ስንጽፍ ግን ግማሹን ብቻ ልንናገር አይገባንም። አስተማሪው የመጣው ከወታደሩ ኋላ ነው። ጦርነቱና ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የባሪያ ፍንገላ አገሩን እጅግ አራቁቶት ነበር። ገባር የሆነ አባት ልጁን ከመልከኛው ልጅ ጋር አስቀምጦ ፊደል ለማስቆጠር ልቡ ባይነሣ ማን ይፈርድበታል?

ሌላው መሰናክል ቋንቋው ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓት እንደሚታወቀው ሕፃኑ 231ዱን ፊደል በግእዝና በካዕብ ቆጥሮ፥ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ለምዶ፥ ወንጌሉን ዘልቆ ዳዊት ይደግማል። ለጎጃም ሕፃን ግእዙ እንግዳ ቢሆንበት መምህሩ የሚቆጣበትና የሚመክርበት አማርኛ የእናቱ ቋንቋ ነው። የካፋው ሕፃን ግን ካፊኖኖ እየተናገረ አድጎ ሁለት እንግዳ ቋንቋ በአንድ ቀን ይጫንበታል። ከዳዊት አልፎ ለመማር ቢመኝ ደግሞ ድጓውን ፍለጋ ወደ ቤተልሔም፥ ቅኔውን ፍለጋ ወደ ዋሸራ ለመሄድ ጎጀብን፥ ግቤንና ዓባይን መሻገር ነበረበት። ቆጮ የለመደ ልጅ በደበሎ ተጠቅልሎ በማያውቀው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ መቆሙን ስናስብ፥ የሄደው ጥቂት፥ ከሄደውም የተመለሰው ከዚያ ያነሰ ቢሆን አያስደንቅም። እኔም በጉባኤ ቤት አኮፋዳ ይዤ ስላደግሁ ቁራሹ አንዳንድ ቀን ከቅኔው ይልቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ስለ ትምህርት ቤት መመሥረት ሲነሣ በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ንጉሠ ነገሥቱ መምህራኑን ከግብፅ ከኮፕት ቤተ ክርስቲያን ማስመጣታቸው የካህናቱን ስጋት ለማብረድ ነበረና ዘዴው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ያ ትምህርት ቤት ለመኳንንት ልጆችና ለመንግሥት ሥራ የታሰበ ነበር። የገጠሩን ደብር ባዶነት የሚሞላ ትምህርት ቤት ከሌላ ወገን መምጣት ነበረበት፤ የመጣውም ማንም ባልጠበቀው ጊዜ ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ወጣቱ በየቀበሌው እግዚአብሔር የለም የሚል ትምህርት ይማር ነበር። በዚያው በ1971 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት አባቶች አንዱ የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ ነበሩ። እኒህ አባት የአገራቸውን ትምህርት በግሪክ አገር ከተማሩት ነገረ መለኮት ጋር ያዋሐዱ ሊቅ ሲሆኑ፥ በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እስከ ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ይነበባል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለው በሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ያድጉ ነበር፤ ካህናትም ይሠለጥኑ ነበር። አቡነ ጎርጎርዮስ ያን ስፍራ ሥራቸው ሁሉ የሚያርፍበት አደረጉት። ከየገጠሩ የመጡት ካህናትና ዲያቆናት ቅዳሴውን ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ታሪክንና የስብከትን ዘዴ ተምረው ወደ መጡበት እንዲመለሱ ይደረግ ነበር። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ «ወደ መጡበት» የሚለው ቃል ነው። በቀደመው ሥርዓት ቅኔ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ትልቁ ደብር ወይም ወደ ከተማ ይሳባል፤ በጠረፍ ያለችው አጥቢያ ያው ባዶ ትቀራለች። በዝዋይ ግን የገበሬው ልጅ ለገበሬው፥ በገበሬው ቋንቋ እንዲያስተምር ታሰበ። በካፋ ሦስት መቶ ዓመት ታጥቶ የነበረው ሰው ይኸው ነው።

ሥራው ከካህናቱ አልፎ ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተስፋፋ። በክረምት ወራት ወደ ዝዋይ እየወረዱ ከሊቀ ጳጳሱ እግር ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት እነዚህን በጉባኤ ያልዋሉ ወጣቶች ማስተማር ከንቱ ድካም ነው ሳይሉ አልቀሩም፤ እኔ ግን በሁለቱም ቤት እንዳለፈ ሰው ዳኝነቴ ለሊቀ ጳጳሱ ነው። ሐኪሙና መሐንዲሱ ተመድበው የሚሄዱበት ወረዳ የመሪጌታው እግር የማይደርስበት ሊሆን ይችላልና።

አቡነ ጎርጎርዮስ ሐምሌ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ተማሪዎቻቸው ግን አልተበተኑም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን የእርሳቸውን አባትነት ይጠቅሳል፤ ከሥራዎቹም መካከል የአብነት ትምህርት ቤቶችን መርዳት አንዱ ነው።

ዛሬ ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተሞች አንዷ ናት፤ የመምህራን ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አላት። የካፋ ሕፃን በመንግሥት ትምህርት ቤት የእናቱን ቋንቋ ካፊኖኖን በላቲን ፊደል ይማራል። ከዚያ ወጥቶ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ግን ያው ሀ ግእዝ፥ ሁ ካዕብ ነው። በአብነቱ ወንበር የሚቀመጥ መምህር መልእክተ ዮሐንስን ካስነበበው በኋላ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፥ ልጁ በካፊኖኖ ቢመልስ ሊሰማው የሚችል መምህር ያስፈልጋል። በየአጥቢያው እንዲህ ያለ መምህር አግኝቶ በወር ቀለቡን መቻል የሰበካ ጉባኤው ሥራ ነው፤ በካፋም ብቻ ሳይሆን በሸካ፥ በቤንችና በዳውሮም እንዲሁ።