በትንሽ ትራክተር ላይ የሚገጠም የመንገድ መጥረጊያ ሰሌዳ
ከናይሮቢ ጁዋ ካሊ ያገኘነው ትምህርት

በብርዳም አገሮች የሚኖር ገበሬ ክረምት ሲገባ ደጁን የሚከፍተው በአካፋ ብቻ አይደለም። ትንሽ ትራክተር ካለችው ከአሮጌ ብረት ጎበጥ ያለ ሰሌዳ ሠርቶ ያያይዝባትና እንደ ባዘቶ ጥጥ የተከመረውን በረዶ እየገፋ መንገዱን ይጠርጋል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለ በረዶ አይወርድባትም። በረዶ የሚታየው ከከተማዋ በስተሰሜን፣ 5,199 ሜትር ከፍታ ባለው በኬንያ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። ሆኖም መንገድ የሚዘጋ ነገር ናይሮቢም አላጣችም፤ ይኸውም ጭቃ ነው። ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይጥላል። በከተማዋ ምዕራብና ሰሜን ያለው አፈር ቀይ ሲሆን በምሥራቅና በደቡብ ያለው እኛ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው።

በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የቴክኒክ ትምህርት የምንሰጥ ባልደረቦች፣ ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ናይሮቢ በቆየንበት ወቅት፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግቢያ መንገድ በጭቃ ተዘግቶ አገኘን። ትምህርት ቤቱ ሣር የሚያጭድባት አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረችው። ከተማሪዎችና ከአንድ የእጅ ባለሙያ ጋር ሆነን የመንገድ መጥረጊያ ሰሌዳ ለመሥራት ተነሣን። በዚህ ጽሑፍ የሰሌዳውን አሠራርና እኛ የፈጸምነውን ስሕተት ለሥራ ባልደረቦቻችን እናካፍላለን።

ሀ/ ጁዋ ካሊ ምንድን ነው?

ጁዋ ካሊ በስዋሂሊ ቋንቋ «የሚያቃጥል ፀሐይ» ማለት ነው። ጣሪያ በሌለው ቦታ፣ ፀሐይ እየመታቸው፣ ብረት እየቀጠቀጡና እየበየዱ የሚኖሩ የእጅ ባለሙያዎች የሚጠሩበት ስም ነው። በናይሮቢ ስማቸው ከሚጠራባቸው ሠፈሮች አንዱ ካሙኩንጂ ነው። በዚያ ከአሮጌ በርሜልና ከላሜራ ሣጥን፣ የእጅ ጋሪና ጂኮ የሚባለው የከሰል ምድጃ ሲሠሩ ይታያል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ሪፖርት፣ በመንግሥት መዝገብ ያልገባው ይህ ዓይነቱ ሥራ የሥራ ፈትነት ምልክት ሳይሆን ብዙ ሰው የሚያስተዳድር ምርታማ ዘርፍ መሆኑን ካስረዳ ወዲህ፣ የዓለም ምሁራን ትኩረት ወደነዚህ ሰዎች ዞሯል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1985 በጀመረችው የ8-4-4 ሥርዓተ ትምህርትም የእጅ ሥራ ወደ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በሌላ እየተተካ መጥቷል።

ለ/ የሰሌዳው ዋና ዋና ክፍሎች

ትራክተሯ በኋላዋ ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ነበራት። ይህን በሃይድሮሊክ የሚነሣ ማያያዣ በዓለም ያስፋፋው ሃሪ ፈርጉሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር የተሠራችው ትንሿ ፈርጉሰን ትራክተር በእርሱ ትታወቃለች። ሁለቱ የታች ክንዶች ጭነቱን ይስባሉ፣ ያነሣሉ፤ የላይኛው ክንድ ደግሞ ዕቃው ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚያዘነብልበትን መጠን ይወስናል። ስለሆነም ሰሌዳውን እንደ በረዶ አገር ሰዎች ከፊት ከመግጠም ከኋላ መግጠሙ ለእኛ ቀላል ሆነ።

1ኛ/ ገፊው ሰሌዳ። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት የተቆረጠ፣ 1.50 ሜትር ርዝመት ያለውና ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው። መጉበጡ ለውበት አይደለም። ቀጥ ያለ ሰሌዳ አፈሩን ከፊቱ እየከመረ ይጨናነቃል፤ የጎበጠው ግን አፈሩን ወደ ላይ እያንከባለለ መልሶ ስለሚጥለው የመግፋቱ ሥራ ይቀላል።

2ኛ/ ምላጩ። መሬቱን የሚነካው የታችኛው ጠርዝ ቶሎ ስለሚበላ በሰሌዳው ላይ አይበየድም፤ በቡሎን ይታሰራል። ለዚህ የሚያገለግለው የአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ መበሳቱ ያደክማል፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው።

3ኛ/ የማዞሪያው ሳህን። ሰሌዳው ወደ ጎን እንዲዞር በቋሚ ዘንግ ላይ ይቀመጣል። ሳህኑ ላይ በ0፣ በ15 እና በ30 ዲግሪ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሰሌዳው በተፈለገው ቀዳዳ ላይ በአንድ ቡሎን ይቆለፋል።

4ኛ/ ሞላዎቹ። ሰሌዳው በአግድም ፒን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ታችኛው ጠርዝ ድንጋይ ሲመታ ወደኋላ ይሸሻል፤ የላይኛው ጫፍ ወደፊት ይዘነብላል። በዚህ ጊዜ ከላይኛው ጫፍ ጋር የተያያዘው ዘንግ ወደፊት ይሳባል፤ ከሻንሲው በስተኋላ በዘንጉ ላይ ያለውም የመኪና ሞላ ይጨመቃል። ድንጋዩ ሲታለፍ ሞላው ሰሌዳውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ለመለማመጃ የበርሜል ላሜራ የምትጠቀሙ መምህራን፣ ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል ከቶ በእሳት አትቁረጡ፣ አትበይዱም። ባዶ የሚመስለው በርሜል በውስጡ የቀረው ተን ሊፈነዳና ሰው ሊገድል ይችላል።

ሐ/ በክፍል ውስጥ የሚሰላው

የትራክተሯ ስፋት ከጎማ እስከ ጎማ 1.25 ሜትር ነው። ሰሌዳው በ30 ዲግሪ ሲዞር የሚጠርገው ስፋት ይቀንሳል፤ 1.50 በ0.866 ሲባዛ 1.30 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 1.50 ሜትር የሆነው ሰሌዳ ዞሮም ቢሆን የጎማዎቹን ዱካ ይሸፍናል። ተማሪው ኮሳይን ምን እንደሚጠቅም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስሌት ስለ ሚዛን ነው። ዕቃው በጠቅላላው 110 ኪሎ ግራም ሲመዝን ከኋላ አክስል 1 ሜትር ርቆ ይንጠለጠላል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 1.60 ሜትር ቢሆን፣ ሰሌዳው ሲነሣ ከፊት ጎማዎች ላይ 110 ለ1.60 ተካፍሎ 69 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። የፊት ጎማ ሲቀለው መሪ አይታዘዝም። ከፊት አክስል ግማሽ ሜትር ቀደም ብሎ ክብደት ብንሰቅል፣ 110 ለ2.10 ተካፍሎ 52 ኪሎ ግራም ይበቃል፤ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው።

መ/ ስሕተታችን

ሰሌዳው በመጀመሪያው ቀን ጥሩ ሠራ። በሁለተኛው ቀን የሰሌዳው ጫፍ በጭቃ ውስጥ የተቀበረ ጉቶ መታና በማዞሪያው ሳህን ላይ ያለው ቡሎን ተቆረጠ። ለወጥነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተቆረጠ። እኛም ተመካከርንና ጥፋቱ የቡሎኑ ነው አልን። ባለሙያው ርካሽ ቡሎን አስገብቶብን ይሆናል ብለንም ጠረጠርነው። ሳንጠይቀውም በዚያው ልክ የተሠራ ጠንካራ ቡሎን ገዝተን አሰርን።

በማግስቱ ትራክተሯ ያንኑ ጉቶ እንደገና መታች። ቡሎኑ አልተቆረጠም። በምትኩ አንደኛው የታች ክንድ ተጣመመ፤ ነጂውም ደረቱን በመሪው ተመታ። ከጎን ቆመው ይመለከቱ ከነበሩት ተማሪዎች የተጎዳ አለመኖሩ ዕድል እንጂ የእኛ ጥንቃቄ አልነበረም። ክንዱን ለማስጠገን የወጣው ገንዘብ ሰሌዳውን ለመሥራት ከወጣው ይበልጥ ነበር።

የተጣመመውን ክንድ ይዘን ወደ ባለሙያው ስንሄድ አልተቆጣም። ሞላዎቹ የሚያድኑት ከፊት ለፊት የሚመጣን ግጭት እንደሆነ፣ ጫፍ ሲመታ ግን ሰሌዳው እንዲዞር ያንን ለስላሳ ቡሎን ሆን ብሎ እንደመረጠው አስረዳን። ቡሎኑ የተሠራው እንዲቆረጥ ነው። እርሱ ሲሞት ክንዱ፣ አክስሉና ሰውየው ይተርፋሉ። ይህን ያወቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በልጅነቱ በሌላ ባለሙያ ሥር ሲሠለጥን ነው።

እኛ ስሌቱን የሠራነው ከጉዳቱ በኋላ ነበር። 1,200 ኪሎ ግራም የሆነ ትራክተር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 1,157 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ በድንገት ቢቆም ግጭቱ በአማካይ 23,000 ኒውተን ያህል ኃይል ይፈጥራል፤ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ከ3,900 ኒውተን አይበልጥም። ፍጥነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ነው እንዲህ ያለው ሥራ በእርምጃ ፍጥነት የሚሠራው።

ሠ/ ለመምህራን የሚተርፈው

በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ለረጅም ዘመን ሲናቁ፣ ቡዳ እየተባሉም ሲገለሉ እንደኖሩ የታወቀ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሠራው ግን ያው የተናቀው ባለ እጅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የብረት ሥራ ሲያቋቁሙና ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ የእጅ ሙያ ለአገር ያለውን ዋጋ ተረድተው ነበር። እኛ የተማርን ነን የምንለው ግን ናይሮቢ ድረስ ሄደን ባለሙያውን ሳንጠይቅ በርካሽነት ጠረጠርነው። ለዚህ ያበቃን የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ያደግንበት ንቀት አብሮን ሄዷል። ነጂው በሕይወት ባይተርፍ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ድፍረት ባላገኘን ነበር።

ስለዚህ ወርክሾፕ ያላችሁ መምህራን ባልደረቦቻችን፣ በአካባቢያችሁ ያለውን ብረት ሠሪ ወደ ክፍላችሁ ጋብዙት። እርሱ ይሥራ፣ ተማሪዎች ይጠይቁት፣ እናንተ ደግሞ በሰሌዳ ላይ አስሉት። ሰሌዳውን መሥራት ባትችሉ እንኳ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለተማሪዎች ማቅረብ ትችላላችሁ።

1/ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ በ45 ዲግሪ ሲዞር ምን ያህል ስፋት ይጠርጋል?
2/ 4 ሜትር ስፋት ያለው የገረጋንቲ መንገድ ውኃ እንዲያፈስ ከመካከሉ ወደ ሁለቱም ጎን 5 ከመቶ ቁልቁለት ቢያስፈልገው፣ መካከሉ ከጠርዙ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት?
3/ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በቤታችሁ፣ ሌላው እንዲድን ራሱ እንዲሰበር ወይም እንዲቃጠል ሆን ተብሎ የተሠራ ዕቃ ፈልጉ። በምትኩ ጠንካራ ነገር ቢገባ ምን ጉዳት ይደርሳል?

ለሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ፊውዝን ይጠቅሳሉ። በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ የሚያስገባ ሰው በየመንደሩ አለ። እኛም በትራክተሯ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነበር።