የመኪና ማስነሻ የኤሌክትሪክ ብልሽት

የመኪና ማስነሻ የኤሌክትሪክ ብልሽት ማለት ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እንዳይሽከረከር የሚያደርግ፣ በባትሪ፣ በገመድ፣ በቁልፍ ማብሪያ ወይም በሞተሪኖ ላይ የሚገኝ ጉድለት ነው። ሞተሪኖ ዋናውን ሞተር እስኪነሳ ድረስ የሚያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ካዲላክ በ1912 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ላይ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ እስኪገጥም ድረስ አሽከርካሪዎች ሞተሩን ከፊት በሚገባ የብረት እጀታ በጉልበት ያዞሩት ነበር።

ድምፁን ማዳመጥ

ተደጋጋሚ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ብዙውን ጊዜ የባትሪ መድከም ነው። የሞተሪኖው ማግኔታዊ ማብሪያ ሲሳብ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ማብሪያው ይለቃል፤ ቮልቴጁ ሲመለስ እንደገና ይሳባል። አንዴ ብቻ «ጧ» ብሎ ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ወይም ወደ ወፍራሞቹ ገመዶች ያመራል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዝ፣ ሪሌና የቁልፍ ማብሪያ ይታያሉ፤ በአውቶማቲክ መኪና ደግሞ ማርሹ በትክክል «ፓርክ» ላይ መግባቱ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ሞተሪኖው ሥራውን ሠርቷል፤ ነዳጁንና ካንዴላውን መፈተሽ ይሻላል። ተገፍቶ የሚነሳ ባለማንዋል ማርሽ መኪናም ችግሩ ማስነሻው ላይ መሆኑን ይጠቁማል።

መብራት እያለ ለምን አይነሳም?

የፊት መብራቱ ደምቆ ሲበራ «ባትሪው ደህና ነው፣ የተቃጠለው ሞተሪኖው ነው» የሚል ድምዳሜ የተለመደ ነው። ይህ ግን ደህናውን ዕቃ በብዙ ገንዘብ ሊያስቀይር ይችላል። በኦም ሕግ መሠረት መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት ነው። የዛገ የባትሪ ማያያዣ 0.02 ኦም ቢኖረው፣ 10 አምፔር የሚስቡት ሁለት የፊት መብራቶች የሚያጡት 0.2 ቮልት ብቻ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ሞተሪኖው 150 አምፔር ሲስብ ግን 3 ቮልት እዚያው ዝገቱ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ዋናው ልኬት የሚወሰደው ቁልፉ በዞረበት ቅጽበት ነው። ሙሉ ባትሪ ሥራ ሳይኖርበት ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ይህ ቁጥር ብቻውን ጤንነቱን አያረጋግጥም። ሞተሪኖው ሲሠራ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ በመጀመሪያ ቻርጅ ተደርጎ እንደገና ይለካል፤ ያኔም ከወደቀ ባትሪው አርጅቷል። ባትሪው ላይ በቂ ቮልቴጅ እያለ ሞተሪኖው ካልዞረ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ፣ ሌላው በሞተሪኖው ወፍራም ገመድ መግቢያ ላይ ተደርጎ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዞራል። ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ ገመዱ ወይም ማያያዣው ተበላሽቷል። በኔጋቲቭ ራስና በሞተሩ አካል መካከልም እንዲሁ ይለካል፤ ይህ ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከልኬቱ በፊት የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ማርሹም ነፃ ይደረጋል። ማያያዣ ለማጽዳት የኔጋቲቩ ገመድ ቀድሞ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል። ከሌላ መኪና ባትሪ ሲበደር የመጨረሻው መቆንጠጫ ከባትሪው ራቅ ባለ ብረት ላይ ይያያዛል፤ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላልና። መኪናው ከተነሳ በኋላ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ካልታየ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፤ አዲስ ባትሪ ቢገዛም በማግስቱ ይወድቃል።